ነባር ቤተሰብ ይፈለጋል

ውብሸት ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲገባ አስካለ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን ሥራ እንደሆነ ሳይሆን የት ክልል እንደሆነ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው የሚጠይቀው እንደዚያ ነው። አገሩ መቶኛውን ክልል በሰልፍና በርችት ከመረቀ ወዲህ የቆጠረ የለም። ጠዋት በአንድ ክልል የተጣደ ሽሮ ምሳ ሰዓት ላይ በሌላ ክልል ይወጣል እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ በኋላ እውነት ሆነና ቀልዱ ቀረ።

«ማዕከላዊ ጉብታ» አላት ውብሸት፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ።

«እሱ ደግሞ ክልል ነው?»

«ከመስከረም ወዲህ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ነባር።»

አስካለ የያዘችውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ባሏ ይሠራበት የነበረው ቢሮ በማሽን ከተተካ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሦስቱንም ዓመት እሱ ሶፋ ሲያሞቅ እሷ ልብስ እየሰፋች ቤቱን ስትይዝ ኖራለች። «ነባር ምን?» አለችው።

«ነባር ነዋሪ ነዋ! እዚያው ተወልደን እዚያው ያደግን ሆነን እንኖራለን። ቤት ይሰጡናል፣ ደመወዝ ይሰጡናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ክልል ሆኖ ለመጽደቅ አሮጌ መሆን ግዴታ ነበር። ማዕከላዊ ጉብታ እሾህና ነፋስ ብቻ የነበረበት መሬት ሲሆን፣ የተወሰኑ ብልጦች አንድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ባንዲራ፣ መዝሙርና በጀት ሠርተውለታል። የቀረው ሕዝብ ነው። እናም «ነባር ቤተሰብ ይፈለጋል፤ ባል፣ ሚስት፣ አንድ ልጅ እና አንድ ሽማግሌ። ልምድ አያስፈልግም» ብለው አወጁ።

«ሽማግሌው ለምን?» አለች አስካለ።

«ለግርማ ሞገስ ነው» አለ ውብሸት፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ሽማግሌ አላቸው። የውብሸት አባት አቶ ድልነሳ ሰማንያ ካለፋቸው ቆይቷል፤ ልባቸው አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። ባለቤታቸው እማማ ማንጠግቦሽ ያረፉት ባልና ሚስቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኖሩባት በቀጨሞ ነው። እማማ ሲያጣጥሩ የያዙት የልጃቸውን እጅ ሳይሆን የምራታቸውን ነበር። «ልጄ ይረሳል፤ አውቀዋለሁ» ብለዋታል። «ሽማግሌዬን ጎኔ አምጪልኝ። አደራ።» አስካለም እንቢ አላለችም። አደራ ከበላ ሰው ጋር ውኃ እንኳ መቅዳት የሚጠየፉ ሰዎች ልጅ ናት።

ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሶፋ ያሞቀን ባል ሥራ አትሂድ የምትል ሚስት የት ትገኛለች? ስፌት ማሽኗን ጠቅልላ ተነሳች።

መኪናው ራሱን እየነዳ በግማሽ ቀን አራት ክልል አሳለፋቸው። በየኬላው መጀመሪያ ዓይናቸው ይነበባል፣ ቀጥሎ ያው ጥያቄ ይመጣል።

«አስከሬን ይዛችኋል?»

በየኬላው በር ላይም ያው ሕግ ተጽፏል፦ የነባር አስከሬን ከክልሉ አይወጣም፤ የባዕድ አስከሬን በክልሉ አያድርም።

«እስካሁን የለንም» አለች አስካለ ለአራተኛው ዘበኛ። «ግን ባሌ በደስታ ሊሞት ነው፤ ትንሽ ከጠበቅህ ታገኛለህ።» ዘበኛው አልሳቀም። አቶ ድልነሳ ብቻ ከኋላ ወንበር ሆነው ከት ብለው ሳቁ፤ ምኑ እንዳሳቃቸው ግን ወዲያው ረሱት።

የነባር ጉዳዮች ኃላፊው አቶ ናሁሠናይ በሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰውን «እንኳን ደህና መጣችሁ» በማለት ፈንታ «እንኳን ወደ ቤታችሁ ተመለሳችሁ» የሚል ወጣት ነው። ቤቱን አሳያቸው። አዲስ የተሠራ አሮጌ ቤት ነበር፤ ግድግዳው ላይ ጥላሸት በማሽን ተረጭቷል፣ ጣራው አንድ ቦታ ላይ እንዲያፈስ ተደርጓል። አስካለ ጣራውን ልታስደፍን ብትጠይቅ ማፍሰሱ ቅርስ ነው ተባለች። ጎረቤቷ ወይዘሮ ብርቄ ሰባት ክልል አቋርጣ የመጣች ሴት ስትሆን የአክስቷ ልጅ ሆና ተመደበችላት። ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ቀን አጥር ላይ ተያይተው «እንዴት ነሽ፣ የአክስቴ ልጅ?» ሲባባሉ ሁለቱም አፈሩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዋርካ መጣ። ሥሩ በሸራ ተጠቅልሎ፣ ከአንድ ሰፈር በሚረዝም ተጎታች ላይ ተኝቶ ሲገባ ልጆች አጨበጨቡ። ክሬኑ አደባባዩ መሐል አቆመው። ማታውኑ ስለ ዋርካው የሚተረት ተረት ለየቤቱ ታደለ።

ጠዋት ጠዋት የትዝታ ልምምድ ነበር። የቤቱ ግድግዳ አፍ አውጥቶ ይጠይቃል፣ ቤተሰቡ ይመልሳል። «ጎርፉ የመጣ ዓመት የት ነበራችሁ?» ሲል «ዋርካው ላይ ወጥተን!» ይላሉ። «የመጨረሻውን ፍየል ማን በላው?» ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ መተከዝ አለበት። የክልሉን ባህላዊ ምግብ ያወጣው ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲሆን የጨው መጠን ላይ ስላልተስማሙ አልጫ ሆኖ ቀርቷል። ጭፈራው ትከሻው ከአንድ ክልል፣ ወገቡ ከሌላ ክልል የተወሰደ ነው፤ ሁለቱም ክልሎች ከስሰዋል።

አስካለን ያናደዳት ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ሌባ መስረቁ ምን ይገርማል? ያናደዳት ባሏ ነው። ሌላው ሰው ደመወዙን ለማግኘት ይዋሻል፤ ውብሸት አመነበት። «እኛ ጉብታዎች» ማለት ጀመረ። ልምምድ ላይ እንባው ከሁሉም ቀድሞ ይወርዳል። ከእነሱ አንድ ሳምንት ዘግይተው የገቡትን ጎረቤቶች ዓይኑን በጨው አጥቦ «እነዚህ መጤዎች አበላሹን» ሲል በሰማች ጊዜ አስካለ የምታደርገው ጠፍቷት ወደ ውስጥ ገባች። አሥራ አምስት ዓመት አብራው የተኛችው ሰው እንዲህ ባዶ ዕቃ መሆኑን፣ ማንም የፈለገውን የሚገለብጥበት መሆኑን፣ እንዴት እስካሁን አላየችም? ወይስ አይታ ዝም አለች? ውሻ በበላበት ይጮሃል። ውሻ ግን የትናንቱን ጌታ ቢያገኝ ጭራውን ይቆላል እንጂ ማን ነህ አይለውም።

አቶ ድልነሳ ግን ነገሩ ተስማማቸው። የገዛ ትዝታቸው ሄዶ ያለቀ ሰው ናቸው፤ የሰጧቸውን እንዳለ ያዙ። «ይህን ዋርካ አያቴ ነው የተከለው» ሲሉ ግንዱን በመዳፋቸው እየመቱ ነው፤ ድምፃቸው ውስጥ ውሸት የለም። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ይሰማቸዋል። ባለሥልጣን ሲመጣ ይጋበዛሉ። አቶ ናሁሠናይ በየሁለት ቀኑ ማር ይዞ ይመጣና ጉልበታቸውን ይስማል።

«አባታችን፣ እንዴት አደሩ? ሳሉስ እንዴት አደረገዎት?»

አስካለ ከጓዳ ሆና «ተሽሏቸዋል፣ ተመስገን» ስትለው ፊቱ ላይ ቅር የሚል ነገር እንደሚያልፍ ሁለት ጊዜ አየች። በሦስተኛው ጊዜ ሆን ብላ «እንጃ፣ ደከም ብለዋል» አለችው። ፊቱ ፈካ።

ምክንያቱን ያወቀችው በልጇ በፍኖት የቤት ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን የቅድመ አያታችሁን የመቃብር ድንጋይ ሥላችሁ አምጡ ብሏቸዋል። እናትና ልጅ ከሰዓት በኋላ ወደ መቃብር ቦታው ወጡ። ድንጋዩ ብዙ ነው፤ ጎንበስ ያለ፣ የተሰነጠቀ፣ የድንጋይ ሽበት እንዲመስል የተቀባ። አስካለ በሁለት ድንጋዮች መካከል ቆማ መሬቱን በተረከዟ መታችው። ጨርሶ ያልተነካ፣ ዶማ የማያውቅ መሬት ነው። ከዚያ ሁሉ ሐውልት ሥር አንድም ሰው የለም።

«እማዬ» አለች ፍኖት፣ ትምህርት ቤት ባስያዟት በአዲሱ የጉብታ ቅላፄ። «አባባ ሞቱ እንዴ?»

ከፊት ረድፍ ላይ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ድንጋይ እንዲህ ይላል፦ «ድልነሳ። በዚህች ጉብታ ተወለዱ፤ በዚህች ጉብታ ኖሩ።» ከሥሩ አንድ መስመር ክፍት ተትቷል። ከድንጋዩ አጠገብ ደግሞ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ በመቃብር ቦታው ያለው ብቸኛ እውነተኛ ጉድጓድ እሱ ነው።

ውብሸትን ሶፋው ላይ አገኘችው። አዲስ ክልል፣ አዲስ ቤት፣ ያው ሶፋ።

«አባትህን ሸጥህ?» አለችው።

ሊክድ ሞከረ፣ አቃተውና ሁሉንም ነገራት። ክልሎችን የሚያጸድቀው ቦርድ የድንጋይ ጽሑፍ አያምንም፤ መሬት ውስጥ የሚያይ መሣሪያ አለው፣ የሚፈልገውም አጥንት ነው። ክልሉ ሕዝብ አገኘ፣ ዋርካ አገኘ፤ የራሱ ሙት ግን የለውም። ውሉ ላይ ሽማግሌ የተጠየቀው ለዚህ ነበር።

«ምን አለበት አስኩ?» አለ ውብሸት። «ሰው ከሞተ በኋላ የት እንደተኛ ያውቃል? እኛ ግን ኗሪዎች ነን። ክልሉ ከጸደቀ ቋሚ እንሆናለን።»

«የእናትህስ አደራ?»

«እማዬ ሞታለች፤ እሷስ ምን ታውቃለች?»

አስካለ ልትጮህበት ነበር። ከዚያ ፊቱን አየችው፤ የሚጮኽበት ሰው አልነበረም። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ማንንም ንቃ አታውቅም፤ ንቀቱ ደግሞ ራሷን እስኪያማት ድረስ ነበር።

በማግስቱ አቶ ድልነሳ ልባቸው የመጣበት ቀን ሆነ። ዋርካው ሥር ተቀምጠው ሳለ አስካለ ጋቢያቸውን ስታስተካክል እጇን ያዙ። ዙሪያውን አዩ፤ ቤቱን፣ ባንዲራውን፣ ሰዉን።

«አስካለዬ፣ ይህ የማን አገር ነው?»

«እንጃ አባባ። የማንም አይደለም።»

«ማንጠግቦሽ የታለች?»

«ቀጨሞ ናት፣ አባባ። እየጠበቀችዎት ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አሉ፣ እንደ ሕፃን እጇን እየጎተቱ። «ትወስጂኛለሽ አይደል? እሱ አይወስደኝም። አንቺ ትወስጂኛለሽ።»

«እወስድዎታለሁ» አለች አስካለ። እንዴት እንደምትወስዳቸው ግን አታውቅም ነበር። ድንጋዩን ባየችበት ማታ፣ በሕይወት እያሉ ይዛቸው ልትወጣ ወደ ኬላው ሄዳ ነበር፤ ዘበኛው ዓይናቸውን አንብቦ «እኚህ ቅርስ ናቸው፣ አይወጡም» ብሎ መልሷቸዋል።

ሳምንት ሳይቆይ አቶ ድልነሳ ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ። ወሬውን ለአቶ ናሁሠናይ የነገረው ውብሸት ነው፤ እያለቀሰም ነበር፤ ልቅሶውም እውነት ነበር። ያ ነው የሚያስጠላው።

ጉብታው እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ባንዲራው ዝቅ ተደረገ። ቦርዱ ካለበት ሆኖ ሥርዓቱን በቀጥታ እንዲያይ ምስልና ድምፅ የሚያመላልሱ መስታወቶች በየአቅጣጫው ቆሙ። አልቃሽ ማሽንም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ድምፁ ያምራል፣ ግጥሙም ስለ ጉብታ ነው። ሆኖም ከቦርዱ አንዲት አሮጊት በመስታወቱ ውስጥ ሆነው «ሬሳው ዘመድ የለውም እንዴ? ሴት ልጅ ወይም ምራት ታልቅስለት እንጂ» አሉ። አቶ ናሁሠናይ ላብ ላብ አለው። ወደ አስካለ ሮጠ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እባክዎ። ትንሽ ብቻ። ከልብዎ ቢያለቅሱ ክልሉ አይረሳዎትም።»

«ከልቤ?»

«ከልብዎ።»

እንኳን እናቴ ሞታ እንዲሁም አልቅስ አልቅስ ይለኛል ይባላል። አስካለ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ሬሳው አጠገብ ሄዳ ቆመች፣ ደረቷን አንድ ጊዜ መታች።

«አባቴ ድልነሳ፣ የቀጨሞ ልጅ፣
ማን ሰው አደረገህ የዚህ ጉብታ ወዳጅ?»

አቶ ናሁሠናይ የሰማው እውነት አልመሰለውም። አስካለ ቀጠለች።

«ዓመት እንኳ ሳይሞላህ ከጉብታው ላይ፣
ዋርካውን አያቴ ተከለው አልህ ወይ?

ማንጠግቦሽ አለችህ ጎኗን ክፍት ትታ፣
እንዴት ትተኛለህ ከማታውቀው ቦታ?»

ውብሸት እጇን ሊይዝ ተንቀሳቀሰ። መስታወቱ ውስጥ ያሉት አሮጊት «ተዋት!» ብለው ጮኹበት። «የሚያለቅስ ሰው አፍ ይያዛል እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው ይሄ?» ክልሎች መቶ ቢሆኑ ሁለት መቶ፣ አንድ ሕግ ገና አልተቀየረም፤ ለቅሶ ላይ አልቃሽን ዝም በይ የሚል የለም። ኃላፊው ዘበኞቹን አየ፤ ዘበኞቹ መሬት መሬት አዩ።

አስካለ እውነቱን ሁሉ አለቀሰችው። የመጡበትን መኪና፣ በክሬን የቆመውን ዋርካ፣ ቀድሞ የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ አባቱን የሸጠውን ልጅ፣ አንድም ሳታስቀር በግጥም አወረደችው። መሐል ላይ የአክስቷ ልጅ ወይዘሮ ብርቄ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ «እኔስ! እናቴን ብቻዋን ጥያት የመጣሁት!» ብላ የመጣችበትን መንደር ስም ጠራች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ የራሱን ጠራ። ከዚያ ሌላው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ነባር ሁሉ እያንዳንዱ የገዛ አገሩን እየጠራ ያለቅስ ጀመር፤ ተለማምዶት የማያውቀውን ልቅሶ።

መስታወቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

አቶ ናሁሠናይ ፊቱ አመድ መስሎ አጠገቧ መጣ። ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» ቀረ። «አንቺ መጤ!» አላት። «አገር አፈረስሽ!»

«እንዲያ በለኝ» አለች አስካለ። «መጤ ነኝ። እሳቸውም መጤ ናቸው። በሉ እንግዲህ፣ የባዕድ አስከሬን በክልሉ አያድርም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተባረሩ። ቤቱ በሩን ዘጋባቸው፤ ስፌት ማሽኗን ከደጅ አነሳች። ውብሸት ከፊት ወንበር፣ አስካለና ፍኖት ከኋላ ከሬሳው ጋር ተቀመጡ።

«አስከሬን ይዛችኋል?» አለ የመጀመሪያው ዘበኛ።

«ይዘናል። የተባረረ ነው።»

ዘበኛው መስታወቱን አየና ማገጃውን አነሳ። የተባረረ ሬሳ የሚያስቆም ሕግ ማንም ክልል አላወጣም፤ የማይፈልጉትን መሸኘት ሁሉም ያውቅበታል። አራቱንም ኬላ እንዲሁ አለፉ። ውብሸት መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። «ቋሚ ልሆን ነበር እኮ» አለ።

ቀጨሞ እንዳለች ነበረች። የዕድሩ ሰዎች ሳይጠሩ ሰምተው መጡ፤ ከማንጠግቦሽ ጎን ቆፈሩ፤ አቶ ድልነሳን አወረዷቸው። አስካለ አንድ እፍኝ አፈር ጣል አድርጋ «ይኸው እማማ፣ አመጣሁልዎት» አለች። ከዚያ ቆይታ አልቅሳ የማታውቀውን ያህል አለቀሰች፤ ያኛው ለቅሶ ግጥም አልነበረውም።

አፈሩ ገና እኩሌታ ሳይደርስ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት በሰው መካከል ተሹለክልኮ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። አባታችን እዚሁ የተወለዱ ናቸው አይደል?» ብሎ በዙሪያው ያሉትን መቃብሮች በዓይኑ እየለቀመ ፈገግ አለ። «እንኳን መጡልን። ቀጨሞ ክልል ልትሆን ነው፤ ነገር ተጀምሯል።» ከዚያ ወደ ውብሸት ዞረ። «እርስዎ ልጃቸው ነዎት? በዚህ ዘመን እውነተኛ ነባር ማግኘት ከባድ ሆኗል። ሥራ ይዘዋል?»

ውብሸት ቀና አለ። እንባውን በመዳፉ ጠረገ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቤት አለው?» አለ።

አስካለ ከዕድሩ ሰው እጅ አካፋውን ወስዳ ባሏ ደረት ላይ ለጠፈችው።

«መጀመሪያ» አለችው፣ «አባትህን ቅበር።»